የቅዳሜ ልኬት

የደረቀ ቅጠል የሶምቦር ከተማን ጎዳናዎች በሸፈነበት ሰሞን ራዲቮዬ ቤቱ ውስጥ በባሕር ውሃ ገንዳ የሚያሳድጋቸው ኮራሎች ከሥራቸው ወደ ላይ እየነጡ መጡ። መጀመሪያ ነገሬ አላለውም። «ብርሃኑ በዝቶባቸው ይሆናል» አለና መብራቱን ዝቅ አደረገው። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲያይ ግን ያ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፉን የዘረጋው ሐምራዊ ኮራል ግማሽ ጎኑ የተጋጠ አጥንት መስሏል። ያኔ ነው የደነገጠው።

ራዲቮዬ መኪና መንዳት ያስተምራል። ከሶምቦር ሾፌሮች ግማሾቹ በእሱ ጩኸት ያለፉ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ «ቀስ! ፍሬን! ቀስ አልኩህ እኮ!» ሲል ይውላል፤ እሱ ራሱ ግን ሾርባ እስኪበርድለት የማይጠብቅ፣ የተቀባ በር ሳይደርቅ የሚከፍት ችኩል ነው። እንዲህ ያለ ሰው የኮራል ገንዳ መያዙ ብዙዎችን ግርም ይላቸው ነበር። ገንዳውን የያዘው ግን ብቻውን አልነበረም። ቧንቧውን፣ ፓምፑን፣ መብራቱን የሚያበጃጀው እሱ ነው፤ ውሃውን የምትለካው ሚስቱ ያጎዳ ነበረች። ያጎዳ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ስትቸኩል ታይታ የማታውቅ ሴት ናት። ከቤቱ ከወጣች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው። አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው ውስጥ ኖራ እየለቀመ ሲሆን ለዚህም ሁለት ነገር የግድ ያስፈልገዋል፤ ካልሲየምና አልካሊነት የሚባለው፣ ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት ኃይል። ባሕር ውስጥ ሁለቱም አያልቁም። በመስታወት ገንዳ ግን የተበላውን የሚተካው ሰው ነው፤ አንዱን በካልሲየም ዱቄት፣ ሌላውን በሶዳ። አንዱ በዝቶ ሌላው ካነሰ ኮራሉ ይታመማል፤ ዝቅ ያለው ባንድ ቀን ሽቅብ ከዘለለ ደግሞ ይሞታል። ያጎዳ «ልክ እንደ ሕፃን ወተት ነው፤ ትናንት ረሳሁ ብለህ ዛሬ የሁለት ቀኑን አታጠጣውም» ትል ነበር።

ራዲቮዬ ይህን አባባል አልረሳውም፤ አልሠራበትም እንጂ። እሷ ትታለት በሄደችው የመለኪያ ዕቃ እየተንተባተበ ለካ፤ ሁለቱም ወርደዋል። ጨመረ። በማግስቱ ለካ፤ ያው ነው። እጥፍ አድርጎ ጨመረ፤ ይባስ ብሎ ወረደ። ባፈሰሰ ቁጥር ውሃው እንደ ወተት ደፍረስ ይልና ይጠራል፤ ቁጥሩ ግን ከፍ አይልም።

አንድ እሑድ ሚዜው የነበረው ጋቭራ ራሱ የሠራውን በርበሬ የበዛበት ቋሊማ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ጋቭራ ሥጋ ሻጭ ነው፤ ስለ ዓሣም ቢሆን የሚያውቀው ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ያለውን ነው። ገንዳው ፊት ቆሞ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ሆነብህ ይሄ ነገር? የአያቴን ጥርስ መሰለ እኮ!»

«አልካሊነቱ እየወረደ ነው።»

«አልኮል ከሆነ የወረደው እኔ ዘንድ ሞልቷል፤ በጀሪካን ላምጣልህ።»

«ጋቭራ፣ ቀልዱን ተወኝ፤ እየሞቱብኝ ነው።»

«እሺ ተውኩ።» ጋቭራ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ቋሊማውን መቁረጥ ጀመረ። «ለያጎዳ ደውልላት።»

«ምን ብዬ?»

«‹ኮራሎቹ እየሞቱ ነው› ብለህ ነዋ። እኔ እየሞትኩ ነው ብትላት አትመጣም፤ ለእነሱ ግን ትመጣለች። አጉል ኩራትህን ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ ለእኔ አስቀምጥልኝ፤ ደህና አድርጌ እይዝልሃለሁ።»

ራዲቮዬ ሁለት ቀን አመነታና ደወለ። ያጎዳ እስኪጨርስ ሰማችው። «እንዴት ነህ?» አላለችውም።

«ማግኒዚየሙን ለክተሃል?» አለች።

«ምኑን?»

በስልኩ ውስጥ ስትተነፍስ ተሰማው። «ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ አንድ ጠብታ እንዳትጨምር። እጅህን ኪስህ ውስጥ አኑረው፣ ራዴ።»

ቅዳሜ በብስክሌት መጣች። ጠጉሯ ሸብቷል፤ እሱ የማያውቀው ሰማያዊ ካፖርት ለብሳለች። ቤቱን ዞር ብላ አላየችም፤ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች። ካፖርቷን ሳታወልቅ የመለኪያ ብልቃጦቿን ከቦርሳዋ አወጣች። በስሪንጅ ውሃ ቀድታ ጠብታ እያከለች አወዛወዘችው። ሰማያዊው ውሃ በቶሎ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ አልካሊነቱ ወርዷል ማለት ነው። ካልሲየሙን ለካች፤ ማግኒዚየሙን ለካች። ራዲቮዬ እንደ ተፈታኝ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ስታፈስ እንዴት አድርገህ ነው? እስቲ አሳየኝ።»

ሁለቱን ጠርሙሶች አንሥቶ በገንዳው ጥግ አንዱን ካንዱ አስከትሎ የሚያፈስ መስሎ አሳያት።

«ሁለቱንም? እዚያው ቦታ? ባንድ ጊዜ?»

«ታዲያ! ጠዋት ተማሪ ውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ...»

ያጎዳ ዓይኗን ጨፈነች። «ወይ ራዴ! ሁለቱ በውሃው ሳይበተኑ ፊት ለፊት ከተገናኙ እኮ ኖራ ሆነው ነው የሚወድቁት።» እጅጌዋን ሰብስባ ፓምፑን ከገንዳው አወጣችና አቀበለችው። ነጭ ቅርፊት እንደ በረዶ ተጋግሮበታል። «ይኸውልህ የወሩ ድካምህ። ኮራሎቹ የሚበሉት መስሎህ ፓምፑን ስትቀልብ ነው የከረምከው። ማግኒዚየሙም አልቋል። እሱ እኮ በሁለቱ መካከል የሚቆም ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌው ከሌለ እነዚህ ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ይያያዛሉ።»

«እሺ፣ አሁን ምን ያህል ልጨምር? ዛሬ ማታውኑ...»

«ዛሬ ማታማ ምንም። መጀመሪያ ማግኒዚየሙን በቀስታ ከፍ እናደርጋለን። ከዚያ ሶዳውን ማታ ማታ በዚህ በኩል፤ ካልሲየሙን ጠዋት ጠዋት በዚያ በኩል፤ በጥቂት በጥቂቱ። እኔ እየለካሁ እነግርሃለሁ። ወር የፈጀ ጥፋት ባንድ ሌሊት አይቃናም።»

ዕቃዋን ከገንዳው በታች ካለው ቁም ሣጥን ልታኖር ስትንበረከክ እጇ የበሩ እንጨት ላይ ትንሽ ቆየ። ራዲቮዬ አይቶ እንዳላየ ፊቱን አዞረ።

ያንን የኦክ እንጨት ቁም ሣጥን የሠራው አባቷ ትሪፉን ነበር። ትሪፉን በአገሩ ደቡብ ጫፍ፣ በሌስኮቫትስ፣ በአናጢነት የኖረ ሰው ነው። ልጁና አማቹ የባሕር ገንዳ ሊያቆሙ ነው ሲባል ልኩን በስልክ ጠየቀና ሠርቶ ሲጨርስ በወዳጁ የጭነት መኪና ጭኖ፣ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ተቀምጦ ራሱ አመጣው። «ይህን ያህል ውሃ የሚሸከም ዕቃ ለሰው እጅ አይሰጥም» ብሎ። ገንዳው ተቀምጦበት ውሃ ሲሞላ አጎንብሶ እግሮቹን አየና «ከእኔ በላይ ይኖራል» አለ። ሁሉም ሳቁ።

ትሪፉን የሞተው በክረምት ነው። በዚያው ሳምንት በረዶ የመብራት ሽቦዎችን በጥሶ ሶምቦር ጨለማ ውጦት ነበር። ያጎዳ ልብሷን በሻንጣ ስታደርግ ራዲቮዬ በጋዝ ምድጃ ውሃ እያሞቀ በጠርሙስ እየሞላ ገንዳው ውስጥ ይከታል፤ ቀዝቃዛውን አውጥቶ ሌላ ይከታል። «እኔ ከሄድኩ በማግስቱ አንድም አይተርፍም» አላት። «አንቺ ቅደሚ፤ እኔ ለአርባው እመጣለሁ።» ያጎዳ በባቡር ብቻዋን ሄዳ አባቷን ቀበረች።

ለአርባው መብራቱ ተመልሶ ነበር። ውሃው ግን ከዚያ ብርድ በኋላ አልረጋ ብሎ አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን ይወርዳል። «አሁን ዞር ካልኩ አለቁ» አለ ራዲቮዬ። ያጎዳ ዳግም ብቻዋን ሄደች። ከአርባው ስትመለስ ከዋልነት ለውዝ ጋር የተቀቀለውን የተዝካር ስንዴ በትንሽ ብርጭቆ ይዛለት መጣች። እሱም ገንዳው ፊት እንደቆመ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል በማንኪያ በላና፣ «እስቲ ለኪልኝ፤ ዛሬ ቀለሙ አላማረኝም» አላት። ለካችለት። ፋሲካ ሳይደርስ የከተማው ቦይ አጠገብ ትንሽ ቤት ተከራይታ ወጣች።

ለጠየቀው ሰው ሁሉ ራዲቮዬ «በመብራት ቆጣሪው ነው የተጣላነው፤ ገንዳው ፍጆታው ብዙ ነው» ይል ነበር። ደጋግሞ ከማለቱ የተነሣ እሱም ሊያምነው ምንም አልቀረውም። አሁን ግን እጇ እንጨቱ ላይ ሲቆይ ካየ በኋላ ያ ወሬ ለራሱ ጆሮ እንኳ አልጥም አለው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያጎዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ጀመር። ራዲቮዬም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዘውን ብቻ አደረገ። ጠዋት በግራ፣ ማታ በቀኝ፤ በልክ በተሰፈረ ብርጭቆ። ቁጥሮቹ በአንድ ሳምንት ጥቂት፣ በሌላው ሳምንት ጥቂት እያሉ ወጡ። የነጣው ድንበር ቆመ፤ ከዚያ ከሥሩ ቀጭን ሐምራዊ ቆዳ አጥንቱ ላይ እየተሳበ መመለስ ያዘ።

ራዲቮዬ ቅዳሜ ጠዋት ይላጫል፤ ወለሉን ይወለውላል። ከዳኑብ ወንዝ የመጣ ዓሣ ገዝቶ በቀይ በርበሬ ወጥ ይሠራና ምድጃው ላይ ያቆየዋል፤ «ቅመሺ» ሲላት «ጾም ላይ ነኝ» ወይም «በልቼ ነው የመጣሁት» ትለዋለች። ካፖርቷን አታወልቅም። ቢሆንም ጨዋታው እየሞቀ መጣ።

«ትናንት አንዷን ተማሪህን አየኋት» አለችው አንድ ቀን ብልቃጡን እያወዛወዘች። «መድኃኒት ቤት መጥታ ነበር። ‹አቶ ራዲቮዬ ዘንድሮ መጮህ ቀንሰዋል፤ ታመው ይሆን?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«‹መድኃኒት ጀምሯል› አልኳት።»

ሳቀ፤ እሷም ፈገግ አለች። ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። የይቅርታው ቃል አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «መጀመሪያ ኮራሎቹ ይዳኑ፤ ገንዳው አምሮ ሳለ ነው የሚያምርብኝ» ብሎ ዋጠው። በየሳምንቱ እንዲህ እያለ ይውጠዋል።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ እሷ ራሷ የነገሩን በር ከፈተችለት። ጠብታ እየቆጠረች ሳለች፣ ቀና ሳትል፣ «እማዬ ደውላ ነበር። የአባዬን የመቃብር ድንጋይ አቁመውለታል» አለች።

ራዲቮዬ አንድ እርምጃ ቀረባት። አሁን ነው፣ አሁን በል፣ አለው ልቡ። አፉ ግን፣ «እ... ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?» አለ።

ያጎዳ የጠብታው ቁጥር ጠፍቶባት ብልቃጡን ደፋችና እንደገና ጀመረች። «ግራጫ» አለች። «ግራጫ ድንጋይ ነው።» ከዚያ በኋላ ስለ ማግኒዚየም ብቻ አወሩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቅዳሜ ያጎዳ ሦስቱንም ለክታ ስትጨርስ ዕቃዋን እያደራረቀች፣ «ውሃህ ረግቷል» አለችው። «አልካሊነቱ ስምንት ላይ ከቆመ ሰነበተ። ካሁን በኋላ እኔ አላስፈልግህም። የሚመጣው ቅዳሜ የመጨረሻ ነው፤ አለካኩን አሳይቼህ እሄዳለሁ።»

«ገና ነው እኮ» አለ ራዲቮዬ።

«ምኑ ነው ገና?»

«ለምን አትቆዪም?» ማለት ነበር መልሱ፤ ያውም ከባድ አልነበረም። እሱ ግን በሩ ድረስ ሸኝቷት ብስክሌቷን ያዘላት እንጂ አላለም።

እሑድ ማታ ሶዳውን በብርጭቆ ሰፍሮ ገንዳው ላይ እንደያዘው ቆመ። አላፈሰሰውም። አንድ ሳምንት ዝቅ ቢል ምን ይሆናል? ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ቅዳሜ ትለካለች፤ «ገና ነው፤ አሁንም መምጣት አለብኝ» ትላለች። ይኸው ነው። ማንም አይጎዳም። ብርጭቆውን መታጠቢያው ውስጥ ደፋው። ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ከዚያ ወዲያም ደፋው።

ያልገመተው ነገር ቢኖር ኮራሎቹ አሁን እንደ መኸሩ በሽተኞች አለመሆናቸውን ነው። ድነዋል፤ እያደጉ ነው፤ እንደሚያድግ ልጅም ይበላሉ። ዓርብ ከሥራ ሲመለስ እስቲ ብሎ ለካው። ጠብታው ውሃውን ገና ከመንካቱ ቢጫ ሆነ። ደገመው፤ ያው ነው። በመኸር ከነበረውም ወርዷል።

ነገ ጠዋት ትመጣለች። ሊያሳያት የፈለገው ጥቂት ዝቅታ ነበር እንጂ ይህን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ «ቀስ! ቀስ!» ሲል የሚውለው ሰው ሶዳውን በልክ ብርጭቆ መስፈሩን ትቶ ጠርሙሱን አንሥቶ የሳምንቱን ባንድ ላይ ለቀቀው፤ የፈሰሰው አልበቃ ብሎት ደግሞ ጨመረ።

ቅዳሜ ጠዋት መብራቱ ሲበራ የኮራሎቹ ቆዳ እንደ ራሰ ወረቀት እየተላጠ በውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል። ያ ሐምራዊ ኮራል፣ በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ከሞት የተመለሰው፣ ከእግሩ እስከ ወገቡ ነጭ ነው። ቤቱ የባሕር ዳር ክርፋት ይሸታል። ራዲቮዬ ሳይላጭ፣ ሳይለብስ በፒጃማው ቆሞ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ያጎዳ ከበሩ ነው የሸተታት። ምንም ሳትናገር ገብታ ለካች። ጠብታው ቢቆጠር ቢቆጠር ሰማያዊው አልለወጥ አለ።

«ስምንት የነበረ ውሃ እንዴት ዐሥራ ሁለት ይሆናል?»

«ፓምፑ ይሆናል፤ ምናልባት...»

«የምን ፓምፕ? በእጅህ አይደል እንዴ የምታፈሰው!» ዞር ብላ ፊቱን አየችው። «ምን አደረግህ?»

ራዲቮዬ የፒጃማውን እጅጌ ይጎትታል። «ሶዳውን ትቼው ነበር» አለ። «ከእሑድ ጀምሮ። ጥቂት ዝቅ እንዲል። ዛሬ ለክተሽ ‹ገና ነው› እንድትይ።»

«ለምን?»

«ተመልሰሽ እንድትመጪ።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ትናንት ሳየው በጣም ወርዷል፤ ፈራሁ። ባንዴ ጨመርኩት።»

ያጎዳ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ ድምፅዋ ግን ዝግ ያለ ነበር። «እኔን ለማስቀረት ነው እነዚህን የገደልከው? አፍ የለህም እንዴ? ‹ነይ› ብትለኝ፣ ‹ቁጭ በይ› ብትለኝ ምን ነበረበት?»

በዚያ ጊዜ ነው ያን ሁሉ ክረምት የዋጠው ነገር የወጣው፤ ተስተካክሎም አልወጣም። «አባትሽን ሳልቀብር ቀረሁ» አለ። «ለአርባውም አልመጣሁም። ይህን በእጁ ሠርቶ፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ ያመጣልኝን ሰው... ጠርሙስ ሳሞቅ ቀረሁ። ስንዴውንም ጀርባዬን ሰጥቼሽ በላሁት። አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜም አውቀው ነበር። በደልኩሽ፣ ያጎዳ፤ ይቅር በይኝ።»

ያጎዳ ወንበሩን ያዝ አድርጋ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችበትም።

«በዚያ ብርድ በብስክሌት የተመላለስኩት ለኮራሎቹ መስሎህ ነው?» አለች። «ይህን ቃል ልሰማ ነው። ዛሬ ይለዋል፣ ዛሬ ይለዋል እያልኩ። አማራጭ ሳጣ እኔው አነሣሁልህ። መቃብሩ ላይ ድንጋይ አቆሙ ስልህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

ያስታውሳል። አንገቱን ደፋ።

«አሁን አልከው፤ ሰምቼሃለሁ። ይቅርም ብዬሃለሁ፤ ቂም ይዤ መሞት አልፈልግም። ግን እኮ የተናገርከው ስለተያዝክ ነው፣ ራዴ። ባለፈው ቅዳሜ ብትለው ኖሮ፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ካፖርቴን አውልቄ እቀመጥ ነበር። ያን ወጥህንም እበላልህ ነበር፤ ሽታው ስንት ቀን ገድሎኛል።»

ይህን ስትል ልትስቅ ያለች ትመስል ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል። ከዚያ በመዳፏ ጠረገችውና እጅጌዋን ሰበሰበች። «ፒንሳ አምጣ። ሱፐር ግሉም። ጫፍ ጫፋቸው ገና አልሞተም፤ ሞቱ ሳይደርስበት ቆርጠን ድንጋይ ላይ እንለጥፈው። ቆመህ አትየኝ እንጂ!»

ጎን ለጎን ሆነው እስከ ከሰዓት ሠሩ። እሷ ትቆርጣለች፤ እሱ ያጣብቃል። የቀድሞ ትዳራቸው ማለት እንዲህ ነበር፤ ብዙ ሳይናገሩ አንዱ የሌላውን እጅ ያውቀዋል። ራዲቮዬ ይህን ሲያስብ ማጣበቂያው ጣቶቹ ላይ ደረቀ። ስትጨርስ ያጎዳ እጇን ታጥባ የመለኪያ ዕቃዎቹን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ አለካኩን አንድ ባንድ አሳየችው፤ እሱም በፊቷ ለክቶ አሳያት። «ትክክል ነው» አለች። ብስክሌቷን ሊይዝላት ሲወጣ «ብርድ ነው፤ ግባ፤ በፒጃማ ነህ» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። ከተቆረጡት ጫፎች ጥቂቶቹ ቀሩ፤ የጣት ጫፍ የሚያክሉ። ራዲቮዬ ጠዋት በግራ፣ ማታ በቀኝ፣ በልኩ ያፈሳል፤ ውሃው ስምንት ላይ ቆሟል። ጋቭራ መጥቶ አየና፣ «ያ ሁሉ ውሃ ለእነዚህ ቁንጣሪዎች ነው?» ብሎ ሊቀልድ ጀምሮ የራዲቮዬን ፊት ሲያይ ተወው። «ደውልላት» አላለውም። ቋሊማውን ቆርጦ አብረው በሉ።

በበጋ አንድ ቀን ራዲቮዬ ገበያ ውስጥ ያጎዳን አገኛት። ጸሐይ መቷት ፊቷ ጠቁሯል፤ የያዘችው ዘንቢል ባዶ ነው። እንደ ጎረቤት ተሳሳሙ።

«ውሃው እንዴት ነው?»

«ስምንት። ካልሲየሙም አራት መቶ ሃያ።»

«ማግኒዚየሙስ?»

«እሱም ደህና ነው። ሽማግሌው በቦታው ነው።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ዘንቢሏን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወረች። «ወደ ሌስኮቫትስ ልመለስ ነው» አለችው። «እማዬ ደክማለች፤ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። እዚያም መድኃኒት ቤት ሥራ አግኝቻለሁ። በሚመጣው ሳምንት ነው።»

ራዲቮዬ በዚህ ጊዜ አልዋጠውም። «እኔ ላድርስሽ» አለ ወዲያውኑ። «ዕቃሽን ጭኜ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። እናትሽን አያታለሁ፤ ወደ መቃብሩም እወጣለሁ። ያጎዳ፣ እባክሽ።»

ያጎዳ ክንዱን ያዝ አደረገችው። እጇ እንደ ድሮው ሙቅ ነው። «አመሰግናለሁ፣ ራዴ። እውነቴን ነው» አለች። «ግን መንገዱን ብቻዬን ለምጄዋለሁ።»

በገበያተኛው መካከል ስትሄድ ነጠላ ጫማዋ ሲያጨበጭብ ትንሽ ራቅ እስክትል ይሰማው ነበር። እዚያው ኮክ የሚሸጥ ሽማግሌ ጥላ ሥር እንደቆመ ቀረ።

«ጌታዬ፣ ይገዛሉ ወይስ ጥላው ነው የተስማማዎት?» አለ ሻጩ።

«እገዛለሁ» አለ ራዲቮዬ።

«ምን ያህል ላድርግልዎ?»

«ለሁለት ሰው የሚበቃ» አለ። ሽማግሌው እየመረጠ መዘነለት፤ እሱም «ለአንድ ነው» ብሎ አላረመውም።